ምራቅ ሳይደርቅ የምትመለሰው ልጅ፦ በሰው ቤት የምትሠራን ትንሽ ልጅ እንዴት እንርዳ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከከፈትኳት ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ዳቦ፣ የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። የሰፈሩ አዋቂ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ዱቤ ሊከፍል ወይ ሊያወጋ ነው። ዕቃ ለመግዛት የሚላኩት ልጆች ናቸው። ከልጆቹ ውስጥ የቤቱ ልጅ የትኛው እንደሆነ፣ ሰው ቤት ልትሠራ የመጣችው የትኛዋ እንደሆነች ሳምንት ሳይሞላ እለያለሁ። የቤቱ ልጅ ብሩን መደርደሪያው ላይ ጥሎ ማስቲካ ይመርጣል። ሠራተኛዋ ብሩን እጇ ውስጥ ጨምድዳ ትመጣለች። የታዘዘችውን በአንድ ትንፋሽ ትናገራለች። መልሱን ሁለት ጊዜ ቆጥራ ትሮጣለች።

አንዷን «ምን ያስሮጥሻል የኔ እናት?» ብላት «እትዬ ምራቅ ተፍታለች» አለችኝ። እኛንም ድሮ እንዲህ ይልኩን ነበር። መሬት ላይ እንትፍ ብለው «ይህ ሳይደርቅ ተመለሽ» ይሉናል። እኛ ግን ሮጠን የምንመለሰው እናታችን ጋ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለጎረቤት፣ ለባለ ሱቅ፣ ለጥበቃ፣ ለአስተማሪ ነው። አጠገባችሁ ባለ ቤት ከአቅሟ በላይ የምትሠራ ልጅ ካለች ምን ማድረግ እንደምትችሉ፣ የቱ እንደሚቀድምና የቱ እንደሚከተል ለመንገር ነው። የሚቀድመውን ማወቅ ከሁሉም በላይ ነው። እኔ የተማርኩት በአንዲት ልጅ ላይ በሠራሁት ጥፋት ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ከፊት ለፊታችን ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትሠራ ልጅ ነበረች። አሥራ ሁለት ቢሆናት ነው። ውኃ ሲጠፋ ሃያ ሊትር ጀሪካን ጀርባዋ ላይ አዝላ ደረጃውን ትወጣለች። አንድ ቀን በረኪና ልትገዛ መጣች። ብሩን ስትሰጠኝ ጣቶቿን አየኋቸው። ጫፍ ጫፋቸው ተልጦ ነጭ ሆኗል። በጥፍሯ ዙሪያ ያለው ቆዳ ተነስቶ ቀይ ሥጋው ይታያል። ብሩ ላይ ትንሽ ደም ነክቷል። አንጀቴን በላችው። በረኪናውን አልሸጥልሽም አልኳት። ማታ አሠሪዋ ከሥራ እስክትመለስ ጠብቄ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ደረጃው ሥር ጮህኩባት። የልቤን ተናገርኩ። ሰዉም «እውነቷን ነው» አለ። ቤቴ ገብቼ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግስቱ ልጅቱ የለችም። ጥበቃው ሊነጋጋ ሲል ከደላላ ጋር ስትወጣ አይቷታል፤ ልብሷን በፌስታል ይዛ። የት እንደወሰዳት የሚያውቅ ጠፋ። ልፈልጋት ስነሳ የአባቷን ስም አላውቅም። ከየት እንደመጣች አላውቅም። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ስሟን ሲጠይቁኝ የምንጠራትን ስም ብቻ ነገርኳቸው። ያንን ስም እናቷ ታውጣላት አሠሪዋ እንኳን አላውቅም። ሰባት ወር ሙሉ ዕቃ የሸጥኩላት ልጅ ናት። እስከ ዛሬ አላገኘኋትም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው፦ ልጅቷ ከዚያ ቤት ብትወጣ የት እንደምትገባ ሳታውቁ አሠሪዋን አትጋፈጡ። አሠሪ ስትደነግጥ የምታደርገው ቀላል ነው። ደላላ ትጠራለች። ደላላው ልጅቷን ማንም ወደማያውቃት ሰፈር ይወስዳታል። የሚያውቃት አንድ ሰው እናንተ ነበራችሁ፤ እሱንም ታጣለች።

ስሟ፣ አባቷ፣ አገሯ

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። አንዲት አዲስ ልጅ ስትመጣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃታለሁ። ሱቁ ላይ የምትቆመው ሁለት ደቂቃ ነው። ከዘገየች የምትቀጣው እሷ ናት። ስለዚህ ሽንኩርቱን እየመዘንኩ «ማን ልበልሽ?» እላለሁ። በሌላ ቀን «ማን አባትሽ?» በሌላ ቀን «አገራችሁ ገበያው መቼ ነው የሚውለው?»

የገበያውን ቀን የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። ትንሽ ልጅ ወረዳዋንና ቀበሌዋን ላታውቅ ትችላለች። «ከየት መጣሽ?» ሲሏት «ከገጠር» ትላለች፤ በቃ። የምታውቀው ሌላ ነገር ነው። ገበያው የሚውልበትን ቀን ታውቃለች፤ እናቷ በዚያ ቀን ቤት አትኖርማ። ውኃ የምትቀዳበትን ወንዝ ታውቃለች። ቤታቸው አጠገብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የተማረችበትን ትምህርት ቤትና የአስተማሪዋን ስም ታውቃለች። ስትመጣ ስንት መኪና እንደቀየረች፣ መንገድ ላይ ያደረች እንደሆነ፣ አዲስ አበባ ስትደርስ የወረደችው አውቶቡስ ተራ ይሁን ላምበረት ይሁን ቃሊቲ ታስታውሳለች። ይህን ሁሉ ብትሰበስቡ፣ ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ የቤቷን ደጃፍ ያሳየዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት የረዳናት ልጅ የመጣችው ከሀድያ ነበር። አማርኛዋ ገና ነው። ሰፈሩ ግማሹ ደደብ አድርጎ ይቆጥራት ነበር። ከታች በኩል ጎመንና ካሮት የምትቸረችር የሆሳዕና ሴት አለች። አንድ ቀን ልጅቷ ዕቃ ስትገዛ ሴትዮዋ በሀድይኛ ሰላም አለቻት። ልጅቷ ዘይቱን መሬት ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። ለካ በሦስት ወር ውስጥ በቋንቋዋ ያናገራት ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ገበያቸው ቅዳሜ እንደሆነ፣ ቤታቸው ከቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በታች እንደሆነ፣ አራተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጠች፣ ይዟት የመጣው ሰው «አስተምርሻለሁ» ብሎ እንደነበር አወቅን። የልጅቷን ቋንቋ የሚችል ሰው ፈልጉ። ብቻ ያ ሰው የደላላው ዘመድ ወይም ወዳጅ አለመሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሁለት መልሶች እንዳያሳስቷችሁ። አንደኛው «አክስቴ ናት» የሚለው ነው። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ የዘመድ ልጅ አምጥቶ ማሳደግ የቆየ ባህላችን ነው፤ ብዙ ሰው ያደገው እንደዚያ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን እንድትል የተነገራት ነው። ልዩነቱን ለማወቅ የአክስቷን ልጆች ተመልከቱ። እነሱ ጠዋት ቦርሳ አንግተው ሲወጡ እሷ ቦርሳቸውን ተሸክማ በር ድረስ ሸኝታ ከተመለሰች፣ አክስትነቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ታያላችሁ። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። «አሥራ አምስት» የሚለውን አስጠንተዋቸው ይመጣሉ። ዕድሜዋን በቀጥታ ከመጠየቅ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች፣ ከእሷ በታች ስንት ልጆች እንዳሉና ትንሹ መራመድ ጀምሮ እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል።

ምስጢር እንድትጠብቁላት ከለመነቻችሁ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ አትማሉ። በኋላ መናገር ግድ ሲሆንባችሁ ዋሽታችኋት ታገኙታላችሁ። እኔ «ሊረዳሽ ለሚችል ሰው ብቻ ነው የምናገረው፤ ከመናገሬ በፊትም ለአንቺ እነግርሻለሁ» እላለሁ።

ደብተሩ

የዱቤ ደብተሬ የኋላ ገጾች የእነዚህ ልጆች ናቸው። ቀን፣ ሰዓት፣ ያየሁት፣ የሰማሁት። «ተደብድባለች» ብዬ አልጽፍም፤ ሲደበድቧት አላየሁም። «ጥቅምት 9፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ በግራ ክንዷ ላይ የጣት ያህል ርዝመት ያለው የበለዘ ምልክት አየሁ። ምን ሆንሽ ስላት ‹በር መታኝ› አለች» ብዬ እጽፋለሁ። የተናገረችውን በራሷ ቃል ጻፉ። በኋላ ፖሊስም ሆነ ሌላ ሰው ሲጠይቃችሁ፣ አንድ ጊዜ ካያችሁት ትልቅ ነገር ይልቅ በቀን በቀኑ የጻፋችሁት ትንሽ ትንሽ ነገር ይታመናል።

ፎቶዋን አታንሱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቪዲዮዋን ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ። ልባችሁ ቅን ሊሆን ይችላል። ግን ያቺ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ከነገ ወዲያ ትዳር ትይዛለች። ፊቷ በዚያ ሁኔታ ሰው ስልክ ላይ መቅረት የለበትም። አሠሪዋም ቪዲዮውን ከፖሊስ ቀድማ ታየዋለች።

የሚታረም ነው ወይስ አደጋ?

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሁሉም ቤት ሲኦል አይደለም። ሁሉም አሠሪ ክፉ አይደለችም። በእኛ ሕንፃ ብዙዋ እናት ጠዋት 12 ሰዓት ወጥታ ማታ 2 ሰዓት የምትመለስ ነች። ሕፃን አላት። ማቆያ የለም፤ ካለም ክፍያው ከአቅሟ በላይ ነው። ለትልቅ ሠራተኛ የምትከፍለው የላትም። ደላላ አንዲት ልጅ ያመጣላታል። ጥፋቱ ጥፋት ነው። ግን ከእንዲህ ዓይነቷ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ልጅቷ የምትበላ ከሆነ፣ የማትመታ ከሆነ፣ በር የማይቆለፍባት ከሆነ፣ ማንንም የማትፈራ ከሆነ፣ ግን ትምህርት ካቋረጠችና ሥራው ከበዛባት፣ ይህን በንግግር እሞክራለሁ። ቡና እጠራታለሁ። ብቻዋን። «ለምን?» በሚል ቃል አልጀምርም። «ምዝገባ ተጀምሯል፤ ልጅቷን የት ልታስመዘግቢያት አሰብሽ?» እላታለሁ፤ እንደምታስመዘግባት አድርጌ። የመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ምገባ አለ፤ ደንብ ልብስና ደብተርም ከተማው ይሰጣል። ቀን ካልተመቸ የማታ ትምህርት የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከአገሯ መልቀቂያ አልያዘችም ከተባለ ርዕሰ መምህሩን ራሱን አነጋግሩ፤ ወረዳውም ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። እኔ አብሬ እሄዳለሁ። «አስመዝግቢያት» ከማለት ይልቅ «ነገ ጠዋት አብረን እንሂድ» ማለት ብዙ በር ይከፍታል።

ስለ ደመወዟም በዚያው ቡና ላይ እናወራለን። «እያጠራቀምኩላት ነው» ማለት የተለመደ ነው። የት? በማን ስም? ስትሄድ ማን ቆጥሮ ይሰጣታል? በየወሩ በቴሌብር በቀጥታ ለእናቷ ቢላክ፣ ልጅቷም መላኩን በዓይኗ ብታይ ጭቅጭቅ አይኖርም።

ለማይሰማ ሰው ሕጉን በትህትና መናገር ይጠቅማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ጉልበቱን ከሚበዘብዙ ልማዶች የመጠበቅ፣ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ ያለመሥራት መብት አለው ይላል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ከልክሏል። ከ15 እስከ 18 ያለው ልጅም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍቱና በበዓል ቀን እንዳይሠራ ይላል። ይህ አዋጅ የቤት ሠራተኛ ቅጥርን አይሸፍንም፤ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ግን ባዶ ሜዳ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር የሚኖር ከሆነ አሠሪው መኝታውን፣ ምግቡን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱን በተመለከተ ጤናውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ በእጁ ያለን ልጅ ያንገላታ፣ ችላ ያለ፣ ከአቅም በላይ ያሠራ ወይም የደበደበ ይቀጣል ይላል። «ከአቅም በላይ ያሠራ» የሚለውን ልብ በሉ። ጀሪካኑ እዚያ ውስጥ አለ።

አደጋ ሲሆን

የሚከተለውን ካያችሁ ቡና የለም፤ ንግግር የለም። ቃጠሎ። ተደጋጋሚ ቁስል። በር ተቆልፎባት መዋል። ረሃብ። ቤት ካለ ወንድ ጋር ብቻዋን ለመቅረት መፍራት። ልሙት፣ ልጥፋ ማለት። በዚህ ጊዜ ለአሠሪዋ ምንም ፍንጭ አትስጡ። በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፤ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ብላችሁ ጠይቁ፤ ሴት መርማሪ እንድትሰማችሁ ለምኑ። ሌሊት ከሆነ ወይም ድብደባው እየተፈጸመ ከሆነ አዲስ አበባ ውስጥ 991 ደውሉ።

የመደፈር ጥርጣሬ ካለ ሰዓት ይቆጠራል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ይቅደም። እስክትመረመር ገላዋን አትጠብ። የለበሰችው ልብስ አይታጠብ፤ ከወለቀ በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታል ያሻግተዋል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ምክሩንና የፖሊሱን ሥራ በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ልጅቷን ከየቢሮው ከማንከራተት ያድናታል። እናንተም ደጋግማችሁ አትጠይቋት። አንድ ጊዜ ስሙ፤ እመኗት። «ለምን አልጮኽሽም?» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ።

ብዙ ሰው «ፍርድ ቤት ፊቱን እያየች ልታስረዳ?» ብሎ ይፈራል። አዲስ አበባ ልደታ ለሕፃናት የሚመች ችሎት አለ። ልጅቷ በሌላ ክፍል ተቀምጣ ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ትነጋገራለች፤ ዳኞቹ በስክሪን ያዩዋታል። ተከሳሹን ፊት ለፊት አታየውም። ጠበቃ ካስፈለገ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ማደሪያ ላጡ ደግሞ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ዓይነት መጠለያዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚገባው በፖሊስ ወይም በወረዳ በኩል ነው።

አንድ ነገር አደራ። አዝናችሁ ልጅቷን ቤታችሁ ወስዳችሁ ዝም አትበሉ። ሸሽታ መጥታ በራችሁን ካንኳኳች አስገቧት፤ አብሉ፤ አልብሱ። ግን ያኔውኑ ለፖሊስ አሳውቁ። ካላሳወቃችሁ አሠሪዋ «ሠራተኛዬን ሰረቀችብኝ፤ ወርቄንም ይዛ ጠፋች» ብላ ትቀድማችኋለች። ይህ ሲሆን አይቻለሁ።

ወረዳ ጽሕፈት ቤት

የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጠዋት በጊዜ ሂዱ። የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ የሚባል ሰው አለ፤ እሱን ጠይቁ። በቃል ብቻ አትናገሩ። አንድ ገጽ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ ሂዱ፤ አንዱን ሰጥታችሁ ሌላው ላይ የተቀበለበትን ቀን አስፈርሙ። አንድ ቢሮ «የሰው ቤት ጉዳይ ነው፤ እዚያው ታረቁ» ብሎ መልሶኛል። ፊርማ ያለበት ወረቀት ስላልነበረኝ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሌላ ጊዜ ፊርማዬን ይዤ ወደ ክፍለ ከተማ ወጣሁ፤ ያኔ ተሰማሁ። ብቻችሁን ከምትሄዱ ሁለት ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ የዕድር ሰብሳቢ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

አንዲት ጎረቤቴን አብረሽኝ ነይ ብላት «እኔ አበበች ጎበና አይደለሁ» አለችኝ። ገባኝ። አበበች ጎበና በ1972 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ሄደው፣ በረሃብ ከሞተች እናቷ ጎን ያገኟትን ሕፃን ጨምሮ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ የተመለሱ ሴት ናቸው። በ2013 እስኪያርፉ ድረስ ስንቱን አሳደጉ። እኛን ግን ያን ያህል የሚጠይቀን የለም። የሚፈለግብን አንድ ጠዋት ወረዳ ድረስ መሄድ ነው። ጎረቤቴ በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ መጣች።

ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት

ይህን ክፍል ሰው ይዘለዋል። ልጅቷ ከቤቱ ወጣች፤ ትኬት ተቆረጠላት፤ አውቶቡስ ላይ ተጫነች፤ ተጨበጨበ። በሁለት ወር ውስጥ በሌላ ደላላ ተመልሳ ትመጣለች።

መጀመሪያ ለምን እንደወጣች ይታወቅ። እናቷ ሞተው እንጀራ እናት ገብታባት ነው? ሊድሯት ሲሉ አምልጣ ነው? በቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ልትዳር ወደነበረበት ቤት ዝም ብሎ መመለስ ልጅቷን ማስረከብ ነው። ዕዳ ኖሮባቸው ነው? ወይስ ወላጆቿ «ከተማ ትማራለች» ብለው አምነው ነው የላኳት? የአገሯ ወረዳ ባለሙያ አስቀድሞ ቤቱን ሄዶ ይየው። ከዚያ ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ትሂድ፤ ብቻዋን አትጫን።

የሀድያዋ ልጅ ወላጆች ይዟት የመጣው ሰው ያላቸውን አምነው የላኩ ነበሩ። ሰውዬው በዓመቱ ደብዳቤ እንኳን አላመጣላቸውም። የወረዳችን የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ሆሳዕና ደውላ፣ የቅዳሜ ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የአስተማሪውን ስም ስትነግራቸው በአራት ቀን ቤቱን አገኙት። ቡና የምንጠጣ ሴቶች አዋጥተን ለእናትዮዋ ሁለት በግ የሚገዛ ገንዘብ፣ ለልጅቷ ደብተርና ጫማ ላክን። ገንዘቡ ይብዛ ይነስ አላውቅም። ግን «ድህነቱ ነው የላካት» ካልን፣ ወደዚያው ድህነት ባዶ እጇን መመለስ አልተቻለንም።

የሚቀበላት ዘመድ ከሌለስ? ወረዳው መጀመሪያ አያት፣ አጎት፣ ታላቅ እህት ይፈልጋል። ከጠፋ አደራ ቤተሰብ፣ ማለትም ልጅን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ፣ ወይም የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ አለ፤ ለውጭ ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠት በ2010 በሕግ ተከልክሏል። እንደ ቀጨኔ ያለ የሕፃናት ተቋም የመጨረሻው ነው። ልጅ ማሳደግ ለምትችሉ ሰዎች፦ ወረዳችሁን ስለ አደራ ቤተሰብ ጠይቁ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቅም።

ቤታችሁ ልጅ ካለች

ይህን የምታነብ እናት ቤቷ ውስጥ አንዲት ልጅ ሊኖራት ይችላል። እህቴ፣ ዛሬ ማታ የምታደርጊው ነገር አለ። እናቷ ጋ ደውይላት፤ አንቺ ሳትሰሚ ይነጋገሩ። የምትተኛበትን ቦታ ሄደሽ እዪ፤ ወጥ ቤት መሬት ላይ ከሆነ ቀይሪው፤ የክፍሉ በር ከውስጥ የሚዘጋ ይሁን። በረኪናና ጀሪካን ከእጇ አውጪ። ስሟን ቀይረሽባት ከሆነ እናቷ ባወጣችላት ስም ጥሪያት። እሑድን ስጫት። ነገ ደግሞ ምዝገባ ውሰጃት። ልታደርጊው የማትችይ ከሆነ ለደላላ አትመልሻት፤ ወረዳ ሄደሽ «ወደ ቤተሰቧ ልመልሳት፤ አግዙኝ» በይ። በዚህ ማንም አይጮህብሽም። እኔም አልጮህም።

ከተመለሰች በኋላ

የልጅቷን አገር ስልክ ያዙ፤ የእናቷ ባይሆን የአስተማሪዋን። በአንደኛው ወር ደውሉ። ከዚያ በክረምት ደውሉ፤ እህል የሚያልቅበትና ደላላ የሚዞርበት ጊዜ ነው። ከዚያ መስከረም ላይ ተመዝግባ እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ቀኑን ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ ጎመን የምትቸረችረዋን ሴት ሱቅ ጠርቼ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ እንደውላለን።

ዘንድሮ ስንደውል ያነሳችው እናትዮዋ ነበረች። ሴትዮዋ በሀድይኛ ብዙ አወራቻት፤ ሳቁ። «ምን አለች?» አልኳት። ልጅቷ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። ቤት አልነበረችም፤ ቅዳሜ ስለሆነ ገበያ ሄዳለች።